አንቀጽ አራት

ጌንት ከተማ ውስጥ፣ ከቦዩ ማዶ ዳር፣
ሃያ አንድ ሆነን፣ ስለ ስም ልንማከር
ተሰብስበን ነበር።

ኅዳር ነው፤ ማክሰኞ። ዝናቡ መስኮቱን በጥፍሩ ይቆጥራል፤
የማኅበሩ ደንብ ጠረጴዛው መሐል ተከፍቶ ተኝቷል።
«አንቀጽ አራት» አሉ ሊቀ መንበራችን፣ አቶ ዮሪስ፣
መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ ጉርምርምታው ጸጥ እስኪል ድረስ።

«አባል የሚሆን ሰው
ፈተና ያለፈ፣ ፈቃድ የጨበጠ፣
አምስት ዓመት ሙሉ በሙያው የሠራ፣ ከደንብ ያላፈነገጠ፣
ሁለት ነባር አባል ‹እናውቀዋለን› ሲሉ የፈረሙለት፣
መጋቢት ሳይወጣም የመዋጮው ደረሰኝ የተቆረጠለት።»

አመልካቿ አንድ ናት፤
ወይዘሮ ሄርትሩይ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት
ምድር ቤት ተቀምጣ የንግድ ምልክት ስትፈትሽ የኖረች ሴት።
ፈተና አልወሰደች፤ ፈቃድም የላት፤
ዓይን ነው ያላት።

የብስኩት ነጋዴ ክንፉን የዘረጋ ዳክዬ ሲያመጣ፣
«ይሄ ወንድም አለው» ትላለች በእርጋታ፣ «ካንድ ሳሙና ቤት፣ ከኦስተንድ የወጣ፤
አንገቱን ያዞረ፣ ስልሳ ሁለት ላይ የተመዘገበ።»
ገልጠን ስንፈልግ፣ ዳክዬው እዚያው ነው፤ አንገቱን አዙሮ፣ አቧራ የጠገበ።

ሁለት ቃል ስትሰማ፣ በጆሮዋ መዝና፣
የትኛው ገበያ እንደሚያጣላቸው ቀድማ ታውቃለችና፣
እኛ ባለ ፈቃድ፣ እኛ ባለ ካባ፣
ደረጃውን ወርደን እንጠይቃታለን፤
ምክሯ ከታች ወጥቶ፣ ክፍያው ከላይ ሲገባ።

እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። መዝገቡ ከጉልበቴ።
እሱ ውስጥ ተጽፏል፣ ከአባላቱ መሐል፣ አባቴ።
ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ሲጠይቀኝ፣
«እኛ ዘንድ የለም» ብል፣ «ባዶ አይታለፍም» አሉኝ፤
አባቴን ጻፍኩበት።
ከዚያ ቀን ጀምሮ «የተከበሩ አባል ዘርጋው» ይላል የሚመጣው ፖስታ፤
እሱ ግን፣ ዘርጋው፣ ደብረ ሲና ላይ ከሚስቱ ጋር ጠላ ሻጭ፣
ከአገሩ ያልወጣ ላንድ አፍታ።
ምልክቱ ቢባል፣ በራፉ ላይ፣ እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ፤
እሱም የመንደሩ ነው፤ «የኔ ብቻ» ብሎ ማንም ክስ ያላነሣ።

አባል ነው ዘርጋው። ሄርትሩይ አይደለችም።
ደንቡን ብገለብጥ፣ ለዚህ የሚሆን ንኡስ አንቀጽ የለም።

ገንዘብ ያዡ፣ ብራም፣ እጁን አወጣና፣
«አንድ ነገር» አለ፣ ስኳር እንደሰረቀ ልጅ አንገቱን ደፋና፤
«ያ የኛ ፋኖስ፣ አርማችን፣ ከበሩ ነሐስ ላይ ያለው፣
በያሥር ዓመቱ ካልታደሰ በቀር መብቱ ይቀራል አይደለው?
ሦስት ጊዜ ታድሷል። ሒሳባችን ውስጥ ግን አንድም ወጪ የለው።»

ዝም።
እኛ፣ ለሰው ምልክት ቀን የምንቆጥር፣
ደንበኛ አንድ ቀን ቢያሳልፍ የምናማርር፣
የራሳችን መብራት በማን ዘይት ሲነድ እንደኖረ ሳናውቅ፣
ተያየን፤ ወለሉን አየን፤ እሱም አይበቃም ለመደበቅ።

ሄርትሩይ ቦርሳዋን ከፍታ
ሦስት ደረሰኝ አወጣች፤ ጠርዙ ቢጫ የሆነ፣ በላስቲክ የታሰረ፤ በእርጋታ
ዘረጋችው። ከራሷ ደሞዝ።
«ጊዜው ሊያልፍ ሁሌ ሦስት ቀን ሲቀረው፣
ሁላችሁም እረፍት ላይ ነበራችሁ» አለች። «ማንን ልጠይቀው?»

ድምፅ ተሰጠ።
አሥራ ሦስት ደገፈ፤ ሰባት ተቃወመ።
ሁለት ሦስተኛ ይላል ደንቡ፤ የሃያ አንድ ሁለት ሦስተኛ አሥራ አራት ነው፤
አንድ ጎደለ፤ ነገሩ እዚያው ቆመ።

ኮቷን ለበሰች። ጃንጥላዋን ከጥግ ፈልጋ፣
በሩ ላይ ዘወር አለች፣ ወደኔ፤
«የፋኖሱ እድሳት ሚያዝያ አሥራ አንድ ነው፤ ጻፈው፣ እንዳትዘነጋ።»

ጻፍኩት። ከሥሩም፣ መዝገብ እውነት ስለሚወድ፣
«ድምፀ ተዓቅቦ፤ አንድ።»
የማን እንደነበር ደንቡ አያስጽፍም።
እጄ ብዕር ይዞ ነበር፤ ብዕር የያዘ እጅ አይወጣም
ብዬ ነበር፣ ያን ጊዜ።
ከግርጌው ፈረምኩ፤ እነሱ በሚያውቁት፣ ቅጹ በሰጠኝ ስም፦
ዘርጋው፤
የዱቤ ደብተሩ አንድም ሰው ያልዘነጋው።